«2» የሚለው «9» ተብሎ ይነበብ

ሎውሪ ፒው የሮስ አይቲን መንደርን ትምህርት ቤት በጠረገችባቸው ዐሥራ ስምንት ዓመታት ከመምህሩ ከሚስተር ኤልያስ ሆፕኪን የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በትምህርት ቤቱ የዕለት መዝገብ፣ ገጽ ስድሳ አንድ፣ ከላይ ሲቆጠር አራተኛው መስመር ላይ «2» የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ ሐሰት ነው። እውነተኛው ዘጠኝ ነው። ሰውዬው ሥራውን አስረክቦ ከመሄዱ በፊት ያንን ቁጥር በገዛ እጁ እንዲያርም ፈለገች። ይቅርታ እንዲጠይቃት አልነበረም። ይቅርታማ ቢላት ምን እንደምታደርግበት አታውቅም። የፈለገችው ቁጥሩን ነው።

መስመሩ ከነሙሉ ቃሉ እንዲህ ይላል፦

«ማርች 11፣ 1868። ረቡዕ። ዝናብ። ማሊ ፒው፣ ከሕፃናት ክፍል፣ ስለ ግትርነቷ ተቀጣች፤ 2 ምት። ሎውሪ ፒው ሐሰት ስለተናገረች ከክፍል አለቅነት ተሽራለች። ለተለማማጅ መምህርነት አትቀርብም። ኤ.ሆ.»

ጽሕፈቱ ያማረ ነው። ፊደሎቹ ሁሉ ወደ ቀኝ እኩል ያዘነብላሉ፤ ቀለሙ አልተዝረከረከም፤ ስርዝ ድልዝ የለበትም። የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ሰው በስድስት ዓመት ልጅ ላይ ያን ካደረገ በኋላ እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ቢያንስ አንዲት ጠብታ ቀለም ሊያንጠባጥብ ይገባው ነበር። አላንጠባጠበም።

ሎውሪና ማሊ ያደጉት በአያታቸው በቤቲ ፒው ቤት ነው። እናታቸው ማሊን ስትወልድ ሞታለች። አባታቸው ሪስ ለቤት ክዳን የሚሆነውን የሰሌዳ ድንጋይ ከሚፈልጡት ሰዎች አንዱ ነበርና ሳምንቱን እዚያው ተራራው ላይ እያደረ ቅዳሜ ማታ ብቻ ይመጣል። በዚያ በሰሜን ዌልስ ሰው አያቱን «ናይን» ብሎ ነው የሚጠራት። እንግሊዞች ዘጠኝን ምን ብለው እንደሚጠሩት ደግሞ የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ያውቃል። ቤቲ ግን አልረገጠችም። ከእንግሊዝኛ የምታውቀው «ጉድ ሞርኒንግ» የሚለውን ብቻ ነበር፤ እሱንም የምትለው ማታ ማታ ነበር፣ ጠዋት ሥራ ስለሚበዛባት።

መንደሩ በሙሉ ናይን ቤቲ ይላታል። ሚስተር ሆፕኪንም ይላት ነበር። በ1864 የብርዱ ወራት፣ የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ለመምህርነት ሲመጣ የመምህሩ ቤት ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ስድስት ሳምንት ያረፈው እሷ ዘንድ ነው። የአጃ ቂጣዋን በልቷል፤ አሬራዋን ጠጥቷል፤ የኮቱን ክርን ደርታለታለች። እሱም የዚያው አገር ሰው ነው፣ ከተራራው ማዶ የመጣ የጫማ ሰፊ ልጅ። ምድጃ ዳር ተቀምጦ ከአሮጊቷ ጋር በዌልሽኛ ሲሳሳቅ ሎውሪ በዐይኗ አይታለች።

ትምህርት ቤት ሲገባ ሌላ ሰው ነበር። እዚያ ዌልሽኛ ክልክል ነው። መዳፍ የምታህል ጣውላ አለች፤ «ዌልሽኛ አይነገርም» ለማለት ሁለት የእንግሊዝ ፊደል ተቀርጾባት ሲባጎ ገብቶላታል። ጠዋት መጀመሪያ ዌልሽኛ ሲናገር የተሰማ ልጅ አንገቱ ላይ ትንጠለጠላለች። ያ ልጅ ከእሷ የሚገላገለው ሌላው ልጅ ሲናገር ሰምቶ ካሳበቀ ነው፤ ያኔ ጣውላዋ ወደዚያኛው አንገት ትሻገራለች። እንዲህ ስትዞር ውላ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ትምህርት ሲያበቃ፣ አንገቱ ላይ የተገኘችበት ልጅ በአርጩሜ ይገረፋል።

ልጆቹ «ሐብሉ» ይሏታል። «ዛሬስ ሐብል አጥልቀሻል፣ ለማን ሰርግ ነው?» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ፣ ነገ እነሱ እስኪያጠልቋት ድረስ። በቀን የሚገረፈው አንድ ልጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጆሯቸውን አቁመው የሚሰልሉት ግን ሰባ ናቸው። ወንድም በእህቱ ላይ፣ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ። መምህሩ ሰላይ መቅጠር አላስፈለገውም፤ ፍርሃት በነፃ ይሠራለታል። ደግሞ ሚስተር ሆፕኪን ራሱ በልጅነቱ እንዲህ ያለችውን ጣውላ አጥልቆ ተገርፏል። ይህን ለናይን ቤቲ የነገራት እሱው ነው። የሚያድለውን ሕመም አሳምሮ ያውቀው ነበር።

ሎውሪ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት የክፍል አለቃ አደረጋት። ሕፃናቱን ፊደል ታስቆጥራለች፣ ጠመኔ ታድላለች። ዐሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ጣውላዋ ማን አንገት ላይ እንደተገኘችና ልጁ ስንት እንደተመታ በአንዲት ትንሽ ደብተር ትጽፋለች፤ ሚስተር ሆፕኪን ከሥሩ ይፈርማል። በማርች ኢንስፔክተሩ ሲመጣ ለተለማማጅ መምህርነት ሊያቀርባት ቃል ገብቶላታል። ለድንጋይ ፈላጭ ልጅ ከገረድነት ሌላ የተከፈተላት በር ያ ብቻ ነበር።

ናይን ቤቲ የልጅ ልጇ መምህርት ልትሆን መሆኑን ለመንደሩ ሁሉ አውርታለች። አንድ ቀን ግን ካልሲ እየሠራች ጠየቀቻት።

«እዚያ አለቃ ሆነሽ ምንድን ነው የምትሠሪው ልጄ?»

«ሐብሉ ማን ጋ እንዳለ እጽፋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሚስተር ሆፕኪን ይቀጣዋል።»

መርፌዎቹ አላቆሙም።

«የጎረቤት ልጅ ስም ጽፈሽ ትሰጪዋለሽ ማለት ነው።»

«ሥራ ነው፣ ናይን።»

«ይሁን። የላም በረት መጥረግም ሥራ ነው። ያኛው ሲመሽ እጅሽን ከታጠብሽው ይለቃል።»

ሎውሪ ተናደደች።

ናይን ቤቲ ማርች 7 ቅዳሜ ዕለት ሳል ይዟት ሞተች። ማክሰኞ ተቀበረች። ሪስ ከቀብር መልስ በቀጥታ ወደ ተራራው ሄደ፤ ሁለት ቀን ከቀረ ቦታው ለሌላ ይሰጥበታል። ረቡዕ ጠዋት ሎውሪ ማሊን እጇን ይዛ ትምህርት ቤት ወሰደቻት። ቤት ማን ጋ ትተዋት? ኢንስፔክተሩም ዓርብ ይመጣል፤ ከዚያ በፊት አንድም ልጅ እንዳይቀር ብሎ ሚስተር ሆፕኪን በየቤቱ አስነግሯል።

ዝናብ ነበር። ጣውላዋ ጠዋት የወደቀችው ዊል ፕሮበርት በሚባል የዐሥር ዓመት ልጅ ላይ ነው። ዊል ሰኞም ማክሰኞም ተገርፎ መዳፉ አብጦ ነበር። ቀኑን ሙሉ እንደ ድመት አድብቶ ዋለ፤ ማንም አልተናገረለትም። ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ከመስኮቱ ውጭ አንዲት ጥቁር ሻል የተከናነበች አሮጊት በመንገዱ አለፈች። ማሊ አግዳሚው ላይ ቆመችና፣ አንዲት ቃል፣

«ናይን» አለች።

ዊል እጁን አወጣ።

በዊል መፍረድ አይቻልም። ሎውሪ በኋላም አልፈረደችበትም፤ ሲያገባ ሰርጉ ላይ ተገኝታለች። ጣውላዋን ከአንገቱ አውልቆ የማሊ አንገት ላይ ሲያደርግ ሲባጎው ስለረዘመባት ጉልበቷ ላይ ደረሰች።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ሚስተር ሆፕኪን አርጩሜውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ።

«ማን ጋ ናት?»

ማሊ ወደ ፊት ወጣች። ሚስተር ሆፕኪን አያትና ወደ ሎውሪ ዞረ።

«አለቃ፣ ምን ብላ ነው?»

ሎውሪ ደብተሩንና እርሳሱን ይዛ ቆማለች። ሰባ ልጅ ያያታል።

«ናይን ነው ያለችው፣ ጌታዬ» አለች በእንግሊዝኛ። «ዘጠኝ ማለቷ ነው። እየቆጠረች ነበር።»

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ሳቁን አፈነ። ሚስተር ሆፕኪን አልሳቀም።

«ምን ነበር የምትቆጥረው?»

«የመስኮቱን መስታወት።»

ወደ መስኮቱ ሄደና በአርጩሜው ጫፍ እየነካ ቆጠረ።

«ዐሥራ ሁለት ናቸው።»

«ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ዊል እጁን አወጣ፣ ጌታዬ።»

ይህ ሰው ናይን ምን እንደሆነች አያውቅም አይባልም። ስድስት ሳምንት ቂጣዋን በልቷል። ከትናንት በስቲያ እንኳ ሬሳዋ ካለበት ቤት መጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። «እሺ፣ እየቆጠረች ነበር» ቢል እዚያው ያበቃ ነበር። ልጆቹም ገብቷቸዋል፤ መሳቃቸውን ትተው የሚጠብቁት እሱን ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ሰው እንዲሆን ዕድል ተሰጥቶት ነበር።

«እንግዲያው ትቁጠር» አለ። «ማሊ፣ ቁጠሪ። በእንግሊዝኛ።»

ማሊ ቁጥሩን ከሎውሪ በዜማ ተምራዋለች። ጀመረች፣ እያዜመች፤ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ስምንት። ስምንት ላይ አፏ ተዘጋ። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ምን እንደሆነ ገብቷታል። ወደ መስኮቱ አየች።

«ቀጥዪ።»

«ናይን ሞተች» አለች ማሊ፣ በዌልሽኛ።

ሚስተር ሆፕኪን አርጩሜውን በእጁ አስተካከለ። ከዚያ እጇን እንድትዘረጋ አደረጋት።

ግድግዳው ላይ፣ ልክ ከእሱ በላይ፣ ቄሱና ሌሎቹ የትምህርት ቤቱ የበላዮች የፈረሙበት ደንብ ተለጥፏል፤ ሕፃናት ክፍል ያለ ልጅ ከሁለት ምት በላይ አይመታም ይላል።

«አለቃሽ ዘጠኝ ብለሻል ብላለች» አለ። «ዘጠኝ ይሆናል። አለቃ፣ ቁጠሪ። ጮክ በይ።»

ሎውሪ በእንግሊዝኛ ቆጠረች። ድምፅዋ ከፍ ካላለ ከመጀመሪያው እንደሚጀምር ነገራት፤ ስለዚህ ከፍ አደረገችው። ከአምስተኛው በኋላ ማሊ ማልቀስ አቆመች፤ እሱ ከልቅሶው የባሰ ነበር። ዘጠነኛው ሲያርፍ ቃሉን ማለት ነበረባት። አለችው። ከዚያ በደብተሩ ጻፈች፦ «ማሊ ፒው፣ 9»። ሚስተር ሆፕኪን የዕለቱን ወረቀቶች ሁሉ ደራርቦ ሲፈርም በዚያም ላይ ፈረመ። ቀና ብሎም አላያትም።

«አንቺ ደግሞ» አለ ብዕሩን እየጠረገ፣ «ለውሸታም አለቅነት አይሰጥም።»

ደብተሩን እንድትመልስ አልጠየቃትም። በማግስቱ ለሌላ ልጅ አዲስ ደብተር ሰጠ። ሎውሪ አሮጌውን በልብሷ ሥር ይዛ ወጣች።

ዓርብ ዕለት ኢንስፔክተሩ መጣ፣ ልጆቹን ሰማ፣ ሄደ። ሎውሪ በሚቀጥለው ዓመት ወንዝ ማዶ አንድ የከብት እርባታ ቤት ገረድ ሆና ገባች። ከዚያ ተመልሳ ግሪፍ የሚባል ድንጋይ ፈላጭ አገባች፤ ልጅ አልወለዱም። ሰው ግን እስከ መጨረሻው በአባቷ ስም ሎውሪ ፒው እያለ ነው የሚጠራት። የግሪፍን ሳንባ የድንጋዩ ብናኝ በላው፤ አልጋ ላይ ሲውል በ1881 የትምህርት ቤቱ ጠራጊ ሆና ተቀጠረች።

ማሊ ከዚያ ረቡዕ በኋላ ትምህርት ቤት ውስጥ ዐሥራ አራት ወር አልተናገረችም፤ በየትኛውም ቋንቋ። መዝገቡ ሁለት ቦታ ላይ «ማሊ ፒው፣ ደንቆሮ ሳትሆን አትቀርም» ይላል። አደገች፣ ዶሮ አረባች፣ በበጋ ተራራ ለማየት ለሚመጡት እንግሊዞች በደጇ እንቁላል ትሸጣለች። በዌልሽኛ ስትቆጥር ምንም አትሳሳትም። በእንግሊዝኛ ግን ከስምንት ቀጥላ ዐሥር ትላለች፤ እንግዶቹ ማረፊያቸው ሄደው አንድ እንቁላል ጎድሎባቸው ይመለሳሉ። መንደርተኛው «ማሊ ኤይት-ቴን» የሚል ስም አወጣላት። ከሚስቁት ግማሾቹ ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩ ናቸው። ቁጥሯን ይቀልዱበታል፤ ከየት እንደመጣ አያስታውሱም፣ ወይም ማስታወስ አይፈልጉም።

ሎውሪ መዝገቡን ያገኘችው በጠራጊነቷ የመጀመሪያ ወር ነው። ሚስተር ሆፕኪን ቁልፉን መሳቢያው ላይ ረስቶት ሄደ። አቧራ ልታራግፍ ከፈተችና ቆማ አነበበች። ገጽ ስድሳ አንድ ስትደርስ በመጀመሪያ ያየችው የገዛ ስሟን ነበር፣ «ሐሰት» ከሚለው ቃል ጋር። ተናደደች፤ ግን እውነት ነው፣ ዋሽታለች። ከዚያ ሁለቱን ቁጥር አየች። ጨርቁን አስቀምጣ ተቀመጠች። የእሷ ውሸት በመዝገብ ሲቀመጥ የእሱ ውሸት እውነት ሆኖ፣ ፊርማ ታክሎበት፣ ከሥራ ሊያስወጣው የሚችለውን ደንብ በልክ አክብሮ ተጽፏል።

አምስት ዓመት ታገሠች። በ1886 አንድ ቀን ጠየቀችው።

«ሚስተር ሆፕኪን፣ የማሊ ቁጥር ሁለት አይደለም።»

ምን እንደምትል ወዲያው ገባው። መዝገቡን አወጣና የሽፋኑን ውስጠኛ ገጽ አሳያት፤ የመንግሥት ደንብ ታትሞበታል። በአውራ ጣቱ ያዘላት።

«አንብቢ። ማንበብ አስተምሬሻለሁ እኮ።»

«አንድ ጊዜ የተጻፈ ሊፋቅም ሊለወጥም አይችልም» የሚል አነበበች።

«በቃ። ሕጉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

በማግስቱ ስትጠርግ ሽፋኑን ገለጠችው። ዐረፍተ ነገሩ እዚያ አያበቃም። አውራ ጣቱ የሸፈነው ቀሪው እንዲህ ይላል፦ «በኋላ በሚጻፍ ሌላ መስመር ካልሆነ በቀር።»

ሥራውን ትታ መውጣት አትችልም፤ ባሏ አልጋ ላይ ነው። ስለዚህ ሌላ ዐሥራ ሦስት ዓመት የሰውዬውን ምድጃ አነደደች፣ ወንበሩን ወለወለች፣ ቀለሙን ሞላች። ግሪፍ በ1895 ሞተ። ጣውላዋ ከተተወች ቆይቷል፤ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ከስብርባሪ ጠመኔ ጋር ተጥላለች። ጊዜው ተለውጦ መንግሥት ዌልሽኛ ይማሩ ብሏል፤ ሚስተር ሆፕኪን ልጆቹን የዌልሽኛ መዝሙር ያስጠና ጀምሯል። «ኢንስፔክተሩ በአገሩ ቋንቋ መዝሙር እጅግ ተደስቷል» ብሎ በዚያው መዝገብ፣ በዚያው ውብ ጽሕፈት ጽፏል። ሎውሪ መጥረጊያዋን ይዛ ከበሩ ኋላ መዝሙሩን ሰምታለች። ልጆቹ ያምር ነበር አዘፋፈናቸው።

ሚስተር ሆፕኪን በስድሳ ሁለት ዓመቱ፣ ጁን 30 ቀን 1899፣ ዓርብ ዕለት ጡረታ ወጣ። ሐሙስ ማታ መንደሩ በጸሎት ቤቱ ተሰብስቦ ሰዓት ሸለመው። ሎውሪ አልሄደችም። ዓርብ ልጆቹ በጊዜ ተለቀቁ። እሱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የመጨረሻውን መስመር ይጽፋል፤ በዐሥራ አንድ ሰዓቱ ባቡር ሚስተር ቦወን የሚባለው አዲሱ መምህር ይመጣል፤ መዝገቡን ይረከበዋል። ሎውሪ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ከፊቱ ቆመች።

«አንድ መስመር ይቀርዎታል፣ ሚስተር ሆፕኪን።»

«የቱ?»

«ገጽ ስድሳ አንድ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። ገጹን የረሳ ሰው ምን አለበት ብሎ ይጠይቅ ነበር። እሱ አልጠየቀም።

«ደግሞ ጀመርሽ። መዝገብ አይነካም ብዬሽ ነበር።»

«በኋላ በሚጻፍ ሌላ መስመር ካልሆነ በቀር። ያኔ ጣትዎ ሸፍኖት ነው።»

ወደ ጣቱ አየ፣ አሁንም እዚያ ያለ ይመስል።

«ሠላሳ አንድ ዓመት አለፈው እኮ ሎውሪ። ማን ያስታውሳል?»

«እኔ።»

«አንቺ ያን ቀን የዋሸሽ ልጅ ነሽ። እሱም ተጽፏል።»

«ተጽፏል። እውነት ነው። የእኔ ውሸት እዚያው ይቀመጥ፤ የእርስዎ ነው የሚታረመው።»

ከሽርጧ ኪስ ደብተሩን አውጥታ ገጹን ገልጣ ከፊቱ አስቀመጠችው። መነጽሩን አደረገ። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጽሕፈት፤ «ማሊ ፒው፣ 9»፤ ከሥሩ ኤ.ሆ.።

«ሳላየው ነው የፈረምኩት» አለ።

«እሱንም መጻፍ ይችላሉ።»

«ሰባ ልጅ ነበር። ብቻዬን ነበርኩ። ኢንስፔክተሩ ዓርብ ሊመጣ ነው። እንግሊዝኛ ካላወቁ ምን ይሆናሉ? ድንጋይ ሲፈልጡ ይሞታሉ። ለእነሱ ብዬ ነው።»

«ግሪፍ እንግሊዝኛ ያውቅ ነበር» አለች። «ድንጋዩ አልጠየቀውም። ማሊም በእንግሊዝኛ ቆጥራልዎታለች፣ እስከ ስምንት። ከዚያ ወዲያ ያለውን እርስዎ ቆጠሩላት። ይጻፉ። ካልጻፉ ይህ ደብተር ለሚስተር ቦወን ከመዝገቡ ጋር ይሰጣል፤ አንብቦ ሲጨርስ ለቄሱ ያሳየዋል።»

ወደ በሩ አየ። ከዚያ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከእርጅና ይሁን ከሌላ ነገር ወረቀት አይለየውም። እንዲህ ጻፈ፦

«ጁን 30፣ 1899። የማርች 11፣ 1868ን መስመር በተመለከተ፤ ‹2› የሚለው ‹9› ተብሎ ይነበብ። ኤ.ሆ.»

ስም የለበትም። ምክንያት የለበትም። ለማያውቅ ሰው የጠመኔ ቁጥር የታረመ ይመስለዋል። ሎውሪ ጎንበስ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ሚስተር ሆፕኪን መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ በዌልሽኛ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ለእሷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣

«ናይን ቤቲ ኮቴን ደርታልኝ ነበር» አላት። «ደግ ሴት ነበረች። ቂጣዋ እስከ ዛሬ—»

ሎውሪ ታችኛውን መሳቢያ ሳበች። ጠመኔውን ገለል አድርጋ ጣውላዋን አወጣች፤ ሲባጎው መልኩ ጠቁሯል። በመዝገቡ አጠገብ፣ ከእጁ ፊት ለፊት አስቀመጠቻት።

«ሚስተር ሆፕኪን» አለች በእንግሊዝኛ፣ ቃሉን እሱ ባስተማራት መንገድ አጥርታ፣ «ያሉት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ዐሥር ሰዓትም ገና አልሞላም።»

መጥረጊያውን አላነሣችውም። ወለሉ ሳይጠረግ ወጣች።

ማሊ ከመንገዱ በላይ ካለችው ቤቷ ደጅ ተቀምጣ እንቁላል ጭድ ውስጥ ትደረድር ነበር። ሎውሪ አጠገቧ ቆመች።

«ጻፈው።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«ሆፕኪን። ቁጥሩን።»

ማሊ ቀና አለች። «ስንት ብሎ?»

«ዘጠኝ» አለች ሎውሪ፤ በዌልሽኛው ቃል።

«ዘጠኝ ብቻ?» ማሊ አንድ እንቁላል በልብሷ ጠረገች። «እኔስ የበለጠ ይመስለኝ ነበር።»

«ዘጠኝ ነው። እኔ አውቃለሁ። በደብተር ጽፌዋለሁ እኮ።»

«ይሆናላ። እኔ ምቱን አልቆጠርኩም። ከአምስቱ በኋላ እጄም አልተሰማኝም።» እንቁላሏን ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠቻት። «ድምፅሽን ነበር የምሰማው። ጮክ ብለሽ ነበር የምትቆጥሪው። መቼም የምታቆሚ አልመሰለኝም።»

በድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ስለ ዝናብ እንደምታወራ ነው ያወራችው።

ከተራራው የቀኑን ሥራ ማብቂያ የሚያበስረው ፊሽካ ተሰማ፤ ሰዎቹ መውረድ ጀመሩ።

«ወተት አለ» አለች ማሊ። «ትጠጫለሽ?»

«እርሳስ አለሽ?»

«እንቁላሉን የምጽፍበት አለ። ለምንሽ ነው?»

ሎውሪ እርሳሱን ተቀበለች። ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ያንን ገጽ አወጣች። የተጻፈውን አልነካችም፤ ደንቡን ታውቀዋለች። ከሥሩ ከቀረው ባዶ ቦታ ላይ ቀኑን አስቀድማ ጻፈችና ቀጠለች፦ «የቆጠረችው ሎውሪ ፒው ናት።»